መልስ፦ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ውስጡ ለምን ይጨልማል?

ወንድሜ፣ "ውጪው እንዲያ በቅርጻ ቅርጽ ተንቆጥቁጦ ውስጡ ለምን ጠባብና ጨለማ ሆነ?" ላልከው፣ ነገሩ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የአምላኩ ምስል ያለበት ውስጠኛ ክፍል ጋርባግሪሃ ይባላል፤ ለሂንዱዎች ማኅፀን ነው። በአብዛኛው አራት ማዕዘን ሆኖ መስኮት የለውም፤ ያለው አንድ በር ብቻ ሲሆን ብዙ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ብርሃኑ የዘይት መብራት ነው። ካህኑ ካምፎር ለኩሶ በምስሉ ፊት ሲያዞረው የምስሉ ፊት ለአፍታ ቦግ ይላል፤ በር ላይ የተሰበሰበው ምእመን የመጣው ለዚች ቅጽበት ነው። አምላኩን ያያል፣ አምላኩም ያየዋል፤ ዳርሻን የሚሉት ይህንን ነው።

በነገራችን ላይ፣ በደቡብ ሕንድ ፎቶዎች ላይ የምናየው ባለቀለም ረጅም ግንብ አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያ በር እንጂ መቅደሱ አይደለም። በዚያው በደቡብ ሕንድ ያለችው የታንጃቩር ከተማ ቤተ መቅደስ ግን ይለያል። የቾላ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ራጃራጃ አሠርቶት በ1010 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በተጠናቀቀው፣ ሺቫ ለተባለው አምላክ በተሠራው በዚህ ቤተ መቅደስ 60 ሜትር ገደማ የሚሆነው ግንብ የቆመው በራሱ በመቅደሱ አናት ላይ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ድርብ ሲሆን በመካከሉ ባለ ሁለት ደረጃ መተላለፊያ አለ። በታችኛው የቾላ ዘመን ሥዕሎች አሉ። በላይኛው ከ108ቱ የጥንታዊ የሕንድ ውዝዋዜ አቋሞች 81ዱ ተቀርጸዋል፤ የቀሩት ድንጋዮች እስከ ዛሬ ባዷቸውን ናቸው። ለእኔ ከግንቡ ይልቅ የሚደንቀኝ ይሄ ነው።