ያላያችሁትን አትፈርሙ

ውድ ልጆቼ፣

ስለ ምርጫና ስለ መሪዎች ስትከራከሩ እሰማለሁ። ክርክራችሁ ሁሉ ስለ ሰው ነው፤ ማን ቢመጣ ይሻላል፣ ማን አታለለን፣ ማንን እንመን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕድሜዬን በመንግሥት ሒሳብ ምርመራ ላሳለፍኩት ለእኔ ግን ከሰውየው በፊት የሚታየኝ ወረቀቱ ነው። የሕዝብ ድምፅም ሆነ የሕዝብ ገንዘብ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚሞላው ደግሞ ሚኒስትር ወይም ፕሬዚዳንት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ እንደ እናንተ ያለ ወጣት ነው። የምመክራችሁን በባዶው እንዳልናገር የማላዊን ታሪክ ላስቀድም።

ማላዊ ከታንዛኒያ፣ ከዛምቢያና ከሞዛምቢክ ጋር የምትዋሰን፣ የባሕር በር የሌላት ድሃ አገር ናት። ግንቦት 13 ቀን 2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቷን ለመምረጥ ድምፅ ሰጠች። በሥልጣን ላይ የነበሩት ፒተር ሙታሪካ 38.57 በመቶ፣ ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ 35.41 በመቶ፣ ሦስተኛው ሳውሎስ ቺሊማ 20.24 በመቶ አገኙ ተባለ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት 159 ሺህ ድምፅ እንኳ አይሞላም ነበር። ሙታሪካ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ቻክዌራና ቺሊማ ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዱ።

ፍርድ ቤቱ ፊት የቀረበው ምን ነበር? የውጤት ቅጽ። በየምርጫ ጣቢያው የተቆጠረው ድምፅ የተጻፈበት ቅጽ። ከእነዚህ ቅጾች ብዙዎቹ በፍሉድ ተቀብተው፣ በላያቸው ሌላ ቁጥር ተጽፎባቸው ተገኙ። ፊርማ የሌላቸው ነበሩ። በዋናው ቅጽ ፈንታ ሌላ ቅጂ የተተካባቸውም ነበሩ።

በሙያችን አንድ የቆየ ደንብ አለ። ቁጥር ሲሳሳት አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፤ የተሳሳተው ቁጥር ከመስመሩ ሥር መነበብ አለበት። ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ይፈርማል፣ ቀን ያኖርበታል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም የምንለው ለዚህ ነው። መሳሳት ያለ ነው። የተሳሳተውን ሌላ ሰው እንዳያየው አድርጎ መሸፈን ግን ስህተቱን ከሌብነት የሚለይበትን መንገድ ያጠፋል። ቅጹን የቀባው ልጅ ምናልባት ሌሊቱን ሲቆጥር አድሮ ደክሞት ይሆናል፤ ምናልባት ታዝዞ ይሆናል። ከፍሉዱ በኋላ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የማላዊ ዳኞችም የደረሱበት መደምደሚያ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ጉድለቶቹ በየቦታው የተስፋፉና ከባድ በመሆናቸው በውጤቱ መተማመን አይቻልም አሉ።

ዳኞቹ አምስት ነበሩ። ጥር 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሰው፣ በወታደር ታጅበው ችሎት ገቡና 500 ገጽ ገደማ የሚሆነውን ፍርድ ቀኑን ሙሉ አነበቡት። ምርጫው ተሰረዘ፤ በ150 ቀናት ውስጥ እንዲደገም፣ አሸናፊውም ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ ተወሰነ። ከፍርዱ በፊት በገንዘብ ሊደልላቸው የሞከረ ሰው ነበር። ነገሩን ለበላያቸው ያመለከቱት ራሳቸው ናቸው፤ ሰውየውም በኋላ ተከሶ ተፈርዶበታል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ደመወዛቸው እንደ ማንኛውም የድሃ አገር ዳኛ ነው፤ ፍርዱን ጽፈው ሲጨርሱ የሚመለሱት ወደዚያው ቤታቸው ነው።

በእነዚያ ወራት በማላዊ ከተሞች ሰልፍ አልተቋረጠም ነበር፤ ደምም ፈስሷል። ሰልፉን አላናንቅም። ያለ ሰልፉ ጉዳዩ በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ሰልፈኛው አደባባይ ወጥቶ ተሰረቅሁ ሲል፣ ችሎት ውስጥ ደግሞ ስርቆቱን የሚያሳይ ቅጽ መኖር ነበረበት። እኛም አገር ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የሆነውን አይቻለሁ። በቆጠራው ላይ የተነሣውን ክርክር ሁለቱም ወገን አምኖ የሚቀበለው ዳኛ ስላልተገኘ ነገሩ ወደ ጎዳና ወረደ፣ ብዙ ወጣቶች ሞቱ። እናቶቻቸው ዛሬም አሉ።

የማላዊ ዳኞች ከሰማይ አልወረዱም። አገሪቱ በ1956 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል የገዟት ሄስቲንግስ ባንዳ በ1963 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ተብለው ነበር። በ1984 ዓ.ም. የካቶሊክ ጳጳሳት አገዛዙን የሚነቅፍ መልእክት በየቤተ ክርስቲያኑ አስነበቡ። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ሕዝቡ በሕዝበ ውሳኔ የመድበለ ፓርቲ ሥርዓት መረጠ። ከባንዳ ቀጥለው የመጡት ባኪሊ ሙሉዚ የሥልጣን ዘመን ገደብ እንዲነሣላቸው ሲሞክሩ፣ በ1994 ዓ.ም. ሐሳቡ ፓርላማ ውስጥ በሦስት ድምፅ ጎድሎ ወደቀ። ሦስት ሰው ብቻ! በ2004 ዓ.ም. የፒተር ሙታሪካ ወንድም የሆኑት ፕሬዚዳንት ቢንጉ ዋ ሙታሪካ በድንገት ሲሞቱ አንዳንድ ሚኒስትሮች ምክትላቸው ጆይስ ባንዳ እንዳይተኩ ሊያደርጉ ሞከሩ፤ የጦሩ አዛዥ ከሕገ መንግሥቱ ጎን ቆሙና ሥልጣኑ በሕጉ መሠረት ተላለፈ። በየጊዜው አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች በያዙት ወንበር ላይ ሆነው እንቢ ብለዋል። አምስቱ ዳኞች ከዚህ ሁሉ እንቢታ በኋላ የመጡ ናቸው።

ድጋሚ ምርጫው ሰኔ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ኮሮና ስለነበር የውጭ ታዛቢ የለም ማለት ይቻላል። ቻክዌራ ከ58 በመቶ በላይ አግኝተው አሸነፉ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን አላበቃም። በእሳቸው ዘመን ፍሬዲ የተባለው አውሎ ነፋስ አገሪቱን መታ፤ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የገንዘቧ የምንዛሪ ዋጋ በአንድ ጊዜ 44 በመቶ ተቀነሰ፤ ነዳጅ ጠፋ፤ ኑሮ ከበደ፤ ሙስናን እናጠፋለን የተባለውም ቃል ሳይፈጸም ቀረ። መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ሕዝቡ እንደገና ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደና ያንኑ ፒተር ሙታሪካን፣ በ85 ዓመታቸው፣ ወደ 57 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ መለሳቸው። ቻክዌራ ሽንፈታቸውን ተቀብለው ወረዱ።

ይህን የነገርኩት አንድ ወጣት፣ ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ለምን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው አሳዘነኝ፤ ምክንያቱም ምርጫን እንደ ሎተሪ ዕጣ፣ ጥሩ መሪ የሚወጣበት አድርገን እንዳስተማርናችሁ ገባኝ። ምርጫ ደግ መሪ ለማምጣት ዋስትና የለውም። የሚሰጣችሁ መሪው ሳይገደልና ሳይገድል እንዲወርድ ማድረግ መቻልን ነው። በ2012 ዓ.ም. አንዱ ወረደ፤ በ2018 ዓ.ም. ሌላው ወረደ፤ የመጣው ሰውም ነገ እንደሚወርድ ያውቃል። የማላዊ ገበሬ ዛሬም ድሃ ነው። ያስራበውን መንግሥት ግን በድምፁ አሰናብቷል፤ በአህጉራችን ይህን ማድረግ የማይችል ስንት ሕዝብ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ባለሥልጣን ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። አንብቡት፤ አጭር ነው። በየዓመቱ ደግሞ ዋና ኦዲተሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያለ ጨረታ የተፈጸመ ግዥ፣ ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ እየተባለ ይነበባል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው ግኝት ተመልሶ ይመጣል። ሕጉ ተጽፏል፣ መርማሪውም አለ። የጎደለው ከሪፖርቱ በኋላ ተከታትሎ የሚጠይቅ ዜጋ ነው፤ በተለይ የሚያነብ ዜጋ።

ከሥራዬ የማልረሳት አንዲት ወጣት አለች። የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረች። አለቃዋ ግምጃ ቤት ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብላ ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ እንድትቆርጥ አዘዛት፤ ክፍያው ተፈጽሞ ነበርና። እንቢ አለች። በማግስቱ ከቦታዋ ተነሥታ ሌላ ክፍል ተመደበች፤ ደረሰኙንም ሌላ ሰው ቆረጠው። እኛ ለምርመራ ስንሄድ ግን በእጇ የጻፈችው አንድ ገጽ ማስታወሻ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ወጪና ገቢ ቁጥር ተሰጥቶት ተቀምጦ አገኘነው። ዕቃው እንዳልገባ፣ ማን እንዳዘዛት፣ ቀኑን ጭምር ጽፋለች። ምርመራው ሁሉ የቆመው በዚያ ገጽ ላይ ነበር። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ማንንም አልሰደበችም። ማስታወሻዋን ጽፋ መዝገብ ቤት ማስገባቷን ግን አልረሳችም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሥልጣን የሚለመደው በትንሹ ነውና በዕድራችሁ፣ በተማሪዎች ማኅበራችሁ፣ በቁጠባ ማኅበራችሁ ገንዘብ ያዥ ስትሆኑ ሒሳቡን ሳትጠየቁ አቅርቡ፤ አባል ስትሆኑ ደግሞ ሳታፍሩ ጠይቁ። እኛ ዘንድ ገንዘብ ያዥን ሒሳብ መጠየቅ እንደ መጠርጠር ስለሚቆጠር ብዙ ታማኝ ሰው ሳይቀር ተበላሽቷል። ወረዳችሁ በጀቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ከለጠፈ ቆማችሁ አንብቡ፤ ካልለጠፈ ጠይቁ። መልሱ ባይመጣም ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት፤ ቁጥር አሰጡት፣ ቅጂውን ያዙ።

የምርጫ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ አስፈጻሚ፣ የፓርቲ ወኪል ወይም ታዛቢ ለመሆን ተመዝገቡ። ስለ ምርጫ በስልክ ሌሊቱን ሙሉ ከመከራከር አንድ ሌሊት ቆጠራ ላይ ማደር ይበልጣል። ቆጠራው እስኪያልቅ ከጣቢያው አትውጡ። ቁጥሩ በአኀዝም በፊደልም መጻፉን እዩ፤ ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ ቆማችሁ ገልብጡት። ባዶ ቅጽ ላይ ፈርሙና በኋላ እንሞላዋለን የሚላችሁ ሰው ቢመጣ፣ የምትወዱት ፓርቲ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ አትፈርሙ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ያስፈራል፤ ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ከሌላኛው ወገን ወኪል ጋር ተዋወቁ፣ ምሳችሁንም አብራችሁ ብሉ። ሌሊት ላይ ጫና ሲመጣ፣ ይህ ቅጽ አልተሞላም ብሎ አብሯችሁ የሚመሰክረው እርሱ ነው።