የቅሬው ገንዘብ በቅድሚያ ለምን ይዋል?

«ውሃ ልክ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የሦስት ልጆች እናትና የሰፈራችን የሴቶች ቅሬ (እድር) ገንዘብ ያዥ ነኝ። በ2014 ጦርነቱ ሲደርስብን ጤና ጣቢያችን ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ቀረ። በኋላ ታደሰ፤ ቀለም ተቀባ፤ ሪባን ተቆረጠ። ሰው ግን አይሄድበትም። ውሃ የለውም፤ መብራቱም ይመጣል ይሄዳል። እናቶች ልጅ ለማስከተብ ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ። ቅሬያችን ለዚሁ ብሎ ገንዘብ አዋጥቷል። ገሚሱ ጄኔሬተር ይገዛ ይላል፤ ገሚሱ አጥር ይታጠር ይላል፤ አሁን ደግሞ ገንዘቡ ለየባለቤቱ ይመለስ የሚሉ ተነስተዋል። የቧንቧው ውሃ በስድስት ቀን አንዴ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም መልኩ ቡኒ ነው። በጦርነቱ ጊዜ መርዝ ተጨምሮበታል የሚል ወሬ ስላለ ብዙ ሰው ቦርከና ዳር ካለ ምንጭ ይቀዳል። ከየቱ እንጀምር? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ ልጄ፣ ስምሽ ይቆይ ብለሻል፤ ልጄ ልበልሽ። ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። የሰፈሩን ስም ለእኔ ስለጻፍሽልኝ ማክሰኞ ጠዋት ከደሴ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሐረጎን ወረድኩ። በዓይኔ ሳላየው ልመልሰው የምችለው ጥያቄ አልነበረም።

ግድግዳው እንዳልሽው አዲስ ቀለም ነው። የእጅ መታጠቢያው ሸክላ ተተክሏል፤ ከሥሩ ግን ቧንቧ የለውም። በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አዋላጅ ነርሷ በባጃጅ መጣች፤ እግሯ ሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለ። ውሃውን ከቤቷ ነው ያመጣችው። ያቺ ጀሪካን የአንድ ወሊድ ውሃ ናት፤ በዚያው ቀን ሁለተኛ እናት ከመጣች ወደ ሌላ ቦታ ትልካታለች። «መድኃኒት አልቋል ስላቸው ይረዱኛል፤ ውሃ የለም ስላቸው ግን ፊታቸው ይለወጣል» አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ወሊድ የሚያስበው 100 ሊትር ነው። እሷ በአንድ አምስተኛው ታዋልዳለች።

ስለዚህ በውሃ ጀምሩ። ጄኔሬተሩም አጥሩም ይቆዩ።

ስሌቱን ለቅሬው እንድታቀርቢው ልንገርሽ። በቀን ሁለት ወሊድ ብንል 200 ሊትር ነው። ለተመላላሽ ታካሚ በሰው 5 ሊትር ይታሰባል፤ አርባ ሰው ቢመጣ ሌላ 200። በቀን 400 ሊትር ማለት ነው። ፈረቃችሁ በስድስት ቀን አንዴ ስለሆነ ከፈረቃ እስከ ፈረቃ 2,400 ሊትር ያስፈልጋል። ፈረቃ ደግሞ ይዘላል፤ ፓምፕ ይበላሻል፤ መብራት ይጠፋል። አንድ ፈረቃ ቢዘለል እንኳ እንዲያደርሳችሁ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ግዙ። ጠንካራ ማማ ላይ ስቀሉት፤ ከዋናው መስመር አስገቡለት፤ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ፣ ወደ እጅ መታጠቢያውና ወደ መጸዳጃ ቤቱ መስመር አውጡለት። የቀረውን ገንዘብ ለመለዋወጫ አስቀምጡ፤ የቧንቧ እጀታና ተንሳፋፊ ቫልቭ ቶሎ ቶሎ ይበላሻሉ።

ጄኔሬተር ይገዛ የሚሉት ስለ ክትባቱ ተጨንቀው እንደሆነ ይገባኛል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ካልተቀመጠ ይበላሻል። ነገር ግን ጄኔሬተር ነዳጅ ይጠጣል፤ ነዳጁንም በየወሩ የምትገዙት እናንተ ናችሁ። የማውቃቸው አንዳንድ ሰፈሮች ጄኔሬተራቸው ሸራ ለብሶ ጥግ ይዟል። ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፀሐይ ኃይል የሚያገኙ የክትባት ማቀዝቀዣዎች አሉ። ይህ የመንግሥት ሥራ ስለሆነ በቅሬው ገንዘብ አትግዙት፤ በደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ ቁጥርና ቀን የተጻፈበትን ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ። በቃል የተጠየቀ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

ማቀዝቀዣው እስኪመጣ ክትባቱ ከሌላ ጤና ጣቢያ በክትባት መያዣ ሳጥን ጠዋት መጥቶ ማታ ሊመለስ ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ ሁልጊዜ ያው ቀን ይሁን እንጂ። ረቡዕ ከሆነ ዝናብም ቢዘንብ ረቡዕ ነው። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ መጥታ ሁለት ጊዜ በር ተዘግቶባት ከተመለሰች ሦስተኛ ጊዜ አትመጣም፤ ለጎረቤቷም ትነግራለች። በየቤቱም መዝግቡ፦ በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ያላገኘ፣ በ15 ወሩ ሁለተኛውን ያልወሰደ ማን አለ? በዚያ ሽሽት ካርዱ የጠፋበት ልጅ ብዙ ነው። ካርድ የለህም ተብሎ የሚመለስ ልጅ እንዳይኖር ንገሩ። ማስረጃ የሌለው ልጅ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ይከተባል፤ ቢደገምበት አይጎዳውም።

አሁን ወደ ቡኒው ውሃ ልምጣ፤ ይህኛው የእኔ ነገር ነው። 31 ዓመት በውሃ ሥራ ኖሬያለሁ፤ በቧንቧ ዝርጋታ ጀምሬ ከመስመር ጥገና ነው ጡረታ የወጣሁት። ደሴ በጦርነቱ ተይዛ በነበረችበት ጊዜ፣ ከጥቅምት 20ዎቹ መጀመሪያ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014፣ እዚያው ከተማው ውስጥ ነበርኩ። መብራት፣ ስልክ፣ ባንክ አልነበረም። ፓምፕ ያለ መብራት ውሃ አይገፋም፤ ማጠራቀሚያዎቹ ያላቸውን ካወረዱ በኋላ መስመሩ ደረቀ። ሰው ጦሳ ሥር ካሉ ምንጮች ይቀዳ ነበር፤ ሰልፉ ከሌሊት ይጀምራል።

ከተማው ከተለቀቀ በኋላ የቀድሞ ባልደረቦቼ ጠሩኝ። የመስመሩ ካርታ ከቢሮው ጋር ጠፍቶ ነበር። የትኛው ቫልቭ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ አንድ ሰው ግን ነበረ፤ በእኔ ጊዜ ቆፋሪ የነበረ፣ ዛሬ በምርኩዝ የሚሄድ አባት። ከሱ ጋር ሦስት ቀን ዞርን። በምርኩዙ መሬቱን ነካ ያደርግና «እዚህ ጋ» ይላል፤ ስንቆፍር ይገኛል። አንዱ ቫልቭ የተገኘው አንዲት ቡና ሻጭ ረከቦቷን የምትዘረጋበት ቦታ ላይ ነው። ዕቃዋን በእጇ አነሳችልን፤ ቆፍረን ስንጨርስም ጀባ ብላን ቡና አጠጣችን። በዚያ ሳምንት ያገኘነውን ሁሉ በደብተር ጻፍኩት፤ ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ቅጂ ሰጠሁ፤ አንዱ ዛሬም ቤቴ አለ። እናንተም በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ። በሕይወት ሳለ አብራችሁት ዙሩ፤ ምልክት አድርጉ፤ ጻፉ።

ቡኒው መልክ መርዝ አይደለም፤ ዝገትና ደለል ነው። የብረት ቧንቧ ባዶውን ሲቀመጥ ውስጡ ይዝጋል፤ ውሃው በድንገት ሲለቀቅ ዝገቱን ጠራርጎ ያመጣዋል። በየስድስት ቀኑ ባዶ የሚሆን መስመር በየስድስት ቀኑ ቡኒ ቢሆን አይገርምም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ መስመሩ ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀበት በኩል ከአፈሩ ቆሻሻ ይስባል። ያ መልክ የለውም፤ ጠርቶ የሚታየው ውሃም ሊኖረው ይችላል። የቦርከናው ምንጭም ስለጠራ ብቻ ንጹሕ ነው አትበሉ፤ ላዩ ላይ ከብት ይውላል፤ አይቼዋለሁ።

የውሃ አገልግሎቱን የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሰፈራችሁ መስመር ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለውን ማጠቢያ ቫልቭ ከፍተው መስመሩን ያጥቡላችሁ፤ ሲሞሉትም ቀስ ብለው ይሙሉት። በኃይል የተለቀቀ ውሃ አየሩን እየገፋ የደከመውን ቧንቧ ይሰብራል። ሁለተኛ፣ በቦኖው ላይ የክሎሪኑን መጠን በሰው ፊት ይለኩ። ትንሽ መስታወት ውስጥ ውሃ ተቀድቶ ክኒን ሲጨመርበት ሮዝ ይሆናል፤ የሮዙ ድምቀት ከቀለም መለኪያው ጋር ይነጻጸራል። ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም በሊትር ከሆነ መልካም ነው።

በሰው ፊት ያልኩት በምክንያት ነው። ያኔ ሸዋ በር አካባቢ አንድ ቦኖ ከፍተን አንዲት እናት «ይጠጣል ወይ?» አለችኝ። «ዛሬ አይጠጣም፤ ለልብስና ለወለል ቅጂ» አልኳት። ገና አልለካነውም ነበር። የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፤ ከእኛም ወገን «ሰውን ታስፈራለህ» ብሎ የተቆጣኝ አለ። በማግስቱ ለካነው፤ ሮዝ ሆነ፤ ይጠጣል አልኩ። ሰልፉን የመራችው ያችው እናት ነበረች። «ትናንት አይጠጣም ስላልከኝ ነው ዛሬ ያመንኩህ» አለችኝ። ወሬውን በስብሰባ ልትከራከሩት አትድከሙ። ለኩት፣ ያልሆነውን አልሆነም በሉ፣ የሆነውን ሆነ በሉ።

እስከዚያው በየቤቱ ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ተጠቀሙ፤ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው በክዳኑ ለክታችሁ ጀሪካኑ ውስጥ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። የደፈረሰ ከሆነ አስቀድማችሁ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። መጠኑ ያልተጻፈበትን በረኪና ለመጠጥ ውሃ አትጨምሩ።

አጥሩን በተመለከተ፣ ዕቃ ድጋሚ እንዳይሰረቅ የፈሩ ሰዎች ሐሳብ ነው፤ ፍርሃታቸውን አከብራለሁ። ለጊዜው ጥሩ ቁልፍና ከቅሬው በተራ የሚያድር ሰው ይበቃል። ከአጥሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ገደል ነው። ልጆች ለቁራሌው የሚሸጡት ብረት ሲለቅሙ አየሁ። ልጄ፣ ይህን ዛሬውኑ ንገሪ፦ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። የዛገ መሆኑ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ማንም እንዳይነካው፣ እንዳያነሳው፣ ድንጋይ እንዳይወረውርበት፤ ከሩቅ ምልክት አድርጉና ለፖሊስ አሳውቁ። ቁራሌውንም አነጋግሩት፤ እንዲህ ያለ ብረት ከልጅ እጅ እንዳይገዛ።

ገንዘቡ ይመለስ የሚሉትን አትቀየሟቸው። ብዙ ጊዜ ቃል ተገብቶላቸው ብዙ ጊዜ ቀርቶባቸዋል። የገባውንና የወጣውን በወረቀት ጽፈሽ ዓርብ ከስግደት በኋላ መስጊዱ በር ላይ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይነበብ፤ ደረሰኙም ይታይ። ሮቶው ሲገዛ የማን ንብረት እንደሆነ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግን በሦስት ቅጂ ተፈራረሙ፦ አንዱ ለቀበሌው፣ አንዱ ለጤና ጣቢያው፣ አንዱ ለቅሬው። አብሽሪ። መስመሩ ሲገባ ጻፊልኝ፤ ውሃውን ለመለካት እኔ ራሴ እወርዳለሁ።

ጥያቄ፦ የደሴ ነዋሪ ነኝ፤ ሰፈሬ ገራዶ መውጫ ነው። ከቧንቧ ተስፋ ቆርጠን ግቢያችን ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍረናል። ከመጸዳጃ ቤቱ 12 ሜትር ይርቃል። ጎረቤትም ከኛ ይቀዳል። አፍልተን ብንጠጣው ይበቃናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 12 ሜትር ቅርብ ነው። ከመጸዳጃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ ነበረበት፤ መጸዳጃው በተዳፋቱ በላይ በኩል ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እስከምታስመረምሩት ለልብስና ለጽዳት ብቻ አድርጉት፤ ለጎረቤቶቻችሁም ዛሬውኑ ንገሯቸው። ሌላ ውሃ ከሌላችሁ ያለ ማፍላት አትቅመሱት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው። ኮምቦልቻ ያሉት አንድ ደቂቃ ሲንተከተክ ይበቃቸዋል፤ እናንተ ሦስት ደቂቃ ያዙ። በሽንት ቤት ፍሳሽ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ግን ማፍላት አያወጣውም፤ በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ካላችሁ ከዚያ ጉድጓድ አታዘጋጁለት። የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ከፍ አድርጋችሁ ክደኑት፤ ባልዲውም ለእሱ ብቻ ይሁን፤ መሬት ላይ አይቀመጥ። ናሙናውን የት እንደምትሰጡ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ፤ ውጤቱ ሲመጣም ላኩልኝና አብረን እናየዋለን።