የአንባቢያን ጥያቄ፦ የባለሙያ የሞተር መጋዝ፣ ከምርጫው እስከ ሞረዱ

በዚህ እትም የሚስተናገዱት ጥያቄዎች ዛፍ በመጣልና ግንድ በመቁረጥ ከሚተዳደሩ አንባቢያን የተላኩ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ የምጥላቸው ዛፎች አብዛኞቹ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው። አልፎ አልፎ 80 የሚደርስ ይገጥመኛል። ሻጩ «50 ሲሲ ከሆነ ሁሉም ያው ነው» ይለኛል። እውነት ነው? ስቲል ይሻላል ወይስ ሁስክቫርና?

መልስ፦ ያው አይደለም። ሁለቱም የስቲል ፋብሪካ ምርት የሆኑትን ኤምኤስ 271ን እና ኤምኤስ 261ን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩ። የሁለቱም የሲሊንደር ይዘት 50.2 ሲሲ ነው። 271 ግን 2.6 ኪሎ ዋት ጉልበት ይዞ 5.6 ኪሎ ይመዝናል፤ 261 ደግሞ 3 ኪሎ ዋት ይዞ 4.9 ኪሎ ነው። አንዱ ለእርሻና ለማገዶ፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ ለሚውል ሰው የተሠራ ነው። የባለሙያ መጋዝ ካርተሩ (የሞተሩ ቅርፊት) በአብዛኛው ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ ሞተሩም ተፈታትቶ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ ሲሲውን ብቻ ሳይሆን ኪሎ ዋቱን ለክብደቱ አካፍለው ያወዳድሩ።

የሁለቱን ፋብሪካዎች የባለሙያ ምርቶች ስናነጻጽር ልዩነቱ ጠባብ ነው። በ50ዎቹ ምድብ የሁስክቫርና 550 ኤክስፒ ማርክ 2 ጉልበቱ ከ261 ጋር እኩል 3 ኪሎ ዋት ነው፤ ክብደቱ 5.3 ኪሎ ገደማ ነው። በ60ዎቹ ኤምኤስ 362 እና 562 ኤክስፒ ሁለቱም 3.5 ኪሎ ዋት ናቸው። በ70ዎቹ ኤምኤስ 462 (72.2 ሲሲ) 4.4 ኪሎ ዋት ይዞ 6 ኪሎ ሲመዝን፣ 572 ኤክስፒ (70.6 ሲሲ) 4.3 ኪሎ ዋት ይዞ 6.6 ኪሎ ነው። ክብደቱ ሁሉ ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት)፣ ሰንሰለትና ነዳጅ ሳይጨመር ነው። በ70ዎቹ ምድብ ስቲል በቀላልነቱ ይቀድማል ማለት ይቻላል። ከዚያ በመለስ ግን በስም መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ፓራኦሊዮ (የክራንኩ ማሸጊያ ጎማ) እና የማስነሻ ገመድ በአቅራቢያዎ የሚሸጥለትንና የሚጠግነው ሰው ያለውን ይግዙ።

ለእርስዎ ሥራ አንድ መጋዝ ብቻ የሚገዙ ከሆነ 60 ሲሲውን ከ45 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ባር ጋር ይውሰዱ። ሁለት የመግዛት አቅም ካለ ግን 60ውን ይተዉት፤ 50 ሲሲውን ለምልመላና ለቀጭኑ ዛፍ፣ 70ውን ለወፍራሙ ያድርጉ። 80 ሴንቲ ሜትር ግንድ 80 ሴንቲ ሜትር ባር አይጠይቅም። ከሁለት ወገን ስለሚቆረጥ 50 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። በ50 ሲሲ ሞተር ላይ 63 ሴንቲ ሜትር ባር መግጠም ደግሞ ሞተሩንም የዘይት ፓምፑንም ከአቅም በላይ ማስጨነቅ ነው።

የካርቡሬተሩን ነገር አይርሱ። ኤም ትሮኒክ (ስቲል) እና ኦቶቱን (ሁስክቫርና) የሚባሉት የአየርና የቤንዚን መጠኑን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ከቆላ ወደ ደጋ ለሚመላለስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በእጅ የሚስተካከለው ካርቡሬተር ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያጨሳል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ለዚያ ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰበት መጋዝ ሳይመለስ ቆላ ከወረደ ፒስተኑን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ መጋዜ ሲቆርጥ ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፤ የሚያወጣውም ዱቄት የመሰለ ሰጋቱራ ነው። ሰንሰለቱን በቅርቡ ነው ሞርጄው የነበረው።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ዱቄቱ ጥርሱ መደነዙን ወይም ከጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ከፍ ማለቷን ይናገራል። የተሳለ ሰንሰለት የሚያወጣው ጥፍር የሚያህል ፍቅፋቂ ነው። መጠምዘዙ ደግሞ የግራና የቀኝ ጥርሶች እኩል አለመሆናቸውን ያሳያል፤ መጋዝ የሚጎተተው ረዘም ብለው ወደተሳሉት ጥርሶች ወገን ነው። በቀኝ እጁ የሚሞርድ ሰው አንዱን ወገን ጠንከር፣ ሌላውን ላላ አድርጎ መግፋቱ የተለመደ ነው።

መጀመሪያ የሞረዱን ውፍረት ያረጋግጡ። ለ0.325 ኢንች ሰንሰለት (ቁጥሩ የሰንሰለቱን የመገጣጠሚያ ርቀት ይናገራል) 4.8 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ነው። ለ3/8 እንደ ሰንሰለቱ ፋብሪካ 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባሩን ጠንካራ ማሰሪያ ላይ ያስሩ፤ ከዚያ ከሁሉም አጭሩን ጥርስ ፈልገው በካሊፐር ይለኩ። ሌሎቹ ሁሉ እሱን እስኪያክሉ ይሞረዳሉ። የሞረዱ አንድ አምስተኛ ከጥርሱ ጫፍ በላይ ይታይ፤ ማዕዘኑ አብዛኞቹ ሰንሰለቶች ላይ 30 ዲግሪ ሲሆን ጥርሱ ጀርባ ላይ ባለው ጭረት ይታወቃል። ሞረድ የሚቆርጠው ወደፊት ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሲመለስ ከብረቱ ያንሱት። አንዱን ወገን ጨርሰው ወደ ሌላው ሲዞሩ የመግፋቱን ብዛት ይቁጠሩ። ድንጋይ ያልነካው ጥርስ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲገፋ ይበቃዋል። ጫፉ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ቀጭን መስመር ከታየ ግን ያ ቦታ ገና ደንዝ ነው። ስለት አያንጸባርቅም።

ጉብታዋ ለ3/8 እና ለ0.325 ሰንሰለት ከጥርሱ ጫፍ በ0.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለባት። በየሦስት ወይም አራት ሙረዳው በመለኪያዋ አይተው በጠፍጣፋ ሞረድ ያስተካክሏት። «ቶሎ ይቁረጥልኝ» ብሎ ከመጠን በላይ መቀነስ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ጥርሱ እንጨቱን ይነክሳል፣ መጋዙ ይንቀጠቀጣል፣ ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ለሰንሰለቱ የሚያስተላልፈው) ይንሸራተታል፤ ከሁሉ የሚከፋው የባሩ አፍንጫ ወደ ፊትዎ መወርወሩ ይበረታል።

ጥርሶቹ እኩል ሆነውም መጠምዘዙ ካልቀረ ባሩን ያውጡና በጠርዙ መስታወት ላይ ያቁሙት። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ሐዲዶቹ (ሰንሰለቱ የሚሄድባቸው ሁለት ጠርዞች) እኩል አይደሉም፤ መሞረድ ወይም መቀየር አለበት። ሌላም አለ፦ ባሩ ቦይ ውስጥ የሚገባው ክፍሉ 1.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰንሰለት 1.5 ወይም 1.6 ቦይ ባለው ባር ላይ በቀላሉ ይገባል፤ ግን ቦዩ ውስጥ እየተጋደመ ይሄዳል። ቁጥሩ ባሩ ላይ ተጽፏል፤ ከሰንሰለቱ ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። ባሩን በየሙረዳው ገልብጦ መግጠም ሐዲዶቹ እኩል እንዲያልቁ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ የተቃጠለ ዘይት በሰንሰለት ዘይት ፋንታ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ አይመከርም። የብረት ብናኝ አለበት፤ አይጣበቅምና የባሩ አፍንጫ ላይ ሲደርስ ይበተናል፤ ለቆዳም ካንሰር አምጪ ነው። የዘይቱን ፍሰት ለመፈተን ሞተሩን አስነስተው አፍንጫውን ወደ ጉቶ ወይም ካርቶን አቅርበው (ሳያስነኩ) ነዳጅ ይስጡት፤ የዘይት መስመር ከተሳለ ደህና ነው። ቤንዚን ሲያልቅ ዘይቱ ግማሽ ከቀረ፣ የዘይቱ ቀዳዳ በሰጋቱራ ተደፍኗል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ገመዱ ሲሳብ ይከብዳል። መካኒኩ «ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት አንሷል» አለ። እኔ ግን እንዲያውም አብዝቼ ነው የምጨምረው። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ፒስተኑ ራሱ ይመሰክራል። ማርሚታውን (የጭስ ማፈኛውን) ይፍቱና በቀዳዳው ፒስተኑን ይመልከቱ። ዙሪያውን በሙሉ ከተጫረ መካኒኩ ትክክል ነው፤ ያለ ዘይት ወይም በጣም ጥቂት ዘይት ይዞ ሠርቷል። የተጫረው በማርሚታ ወገን ብቻ ከሆነ ግን ሞተሩ ቤንዚን አንሶት በሙቀት ነው የተበላው። በካርቡሬተሩ ወገን ደብዛዛ ሆኖ ከተፋቀ ደግሞ በአየር ማጣሪያው አቧራ አልፏል።

ዘይት ማብዛት መድኅን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በአንድ ሊትር ድብልቅ ውስጥ ዘይት በበዛ ቁጥር ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩም ቤንዚን ወደማነሱ ይሄዳል። በዚያ ላይ ካንዴላውና የጭስ መውጫው ጥላሸት ይይዛሉ። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር በተሠራ ጥሩ የሁለት ምት ዘይት መጠኑ 1 ለ 50 ነው፦ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር። የዘይቱ ጥራት የማያስተማምን ከሆነ ብዙ አምራቾች 1 ለ 25 ይላሉ፤ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። መጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን ከዘይቱ ጋር በጀሪካን አናውጡ፣ ከዚያ ቀሪውን ጨምሩ። በዓይን ግምት አይሆንም። ከወር በላይ የቆየ ድብልቅ አይጠቀሙ።

ጭረቱ በማርሚታ ወገን ከሆነ ፒስተን ከመቀየርዎ በፊት ምክንያቱን ያግኙ፤ ካልሆነ አዲሱም በቀናት ውስጥ ይበላል። ዋናው ተጠርጣሪ አየር የሚያስገባ ቦታ ነው፤ ማለትም የክራንኩ ፓራኦሊዮዎች ወይም በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጎማ። ምልክቱ ነዳጁን ከለቀቁ በኋላ ሞተሩ ፈጥኖ ወደ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) አለመውረዱና መጋዙን ሲያጋድሉት ድምፁ መለዋወጡ ነው። የተደፈነ የቤንዚን ማጣሪያም ያው ጉዳት ያደርሳል።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ሳልሰጠው ሰንሰለቱ ይዞራል።

መልስ፦ ሚኒሞው ከፍ ብሏል። የሚኒሞ ቪቴውን ሰንሰለቱ እስኪቆም በካቻቢቴ ወደ ግራ ያዙሩት። ሞተሩ እየጠፋ እንኳ ሰንሰለቱ ካልቆመ የፍሪሲዮኑ ስፕሪንግ ተበጥሷል ወይም ተለጥጧል። በዚህ ሁኔታ ያለ መጋዝ ይዘው አይራመዱ።

ጥያቄ፦ ያዘመመ ዛፍ ስቆርጥ ግንዱ ወደ ላይ ተሰንጥቆ ወደ ኋላዬ ተወረወረ። ምን ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ወደ መውደቂያው ያዘመመ ዛፍ ከኋላው ያሉት ቃጫዎች ተወጥረዋል። ከኋላ ቀስ እያሉ ሲቆርጡት መሀሉ ሳይቆረጥ ክብደቱ ይጎትተዋል፤ ግንዱም ርዝመቱን ይዞ ይሰነጠቃል። ጥቂት ሰዎችን አይደለም የገደለው፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ዛፍ ከኋላ በቀጥታ መቁረጥ ፈጽሞ አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መውደቂያው ወገን ላይ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ የተከፈተ አፍ ያውጡ፤ ጥልቀቱ ከውፍረቱ አንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ይሁን። የላይኛውና የታችኛው ቁርጥ በትክክል መገናኘት አለባቸው፤ አንዱ ካለፈ ማጠፊያውን ያዳክመዋል። ከአፉ በስተኋላ ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ የሚሆን ማጠፊያ (ዛፉ ሲወድቅ የሚመራው ያልተቆረጠ እንጨት) ያስቀሩ፤ ለ60 ሴንቲ ሜትር ግንድ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀጥሎ ባሩን በጎን በኩል፣ ከማጠፊያው ኋላ ይውጉት። አጀማመሩ በአፍንጫው የታችኛው ሩብ፣ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶ ነው፤ አፍንጫው ከገባ በኋላ ብቻ ቀጥ አድርገው ይግፉ። በላይኛው ሩብ ከጀመሩ መጋዙ ወደ ፊትዎ ይወረወራል። ማጠፊያውን አስተካክለው ወደ ኋላ ይቁረጡ፤ ከኋላ ግን ዛፉን የሚይዝ ጥቂት እንጨት ይተዉ። መጋዙን አውጥተው፣ በ45 ዲግሪ ወደ ኋላ የሚወስደው ማምለጫ መንገድዎ መጠረጉን አይተው፣ ያንን የመጨረሻ እንጨት ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከመጀመሪያው ቁርጥ ትንሽ ዝቅ ብለው ይቁረጡት። ዛፉ ወዲያው ይሄዳል፤ ሰንሰለቱን በፍሬኑ አቁመው ይሽሹ። ሌላ ሰው ቢያንስ ሁለት የዛፍ ቁመት ርቆ መቆም አለበት።