በሶፍትዌር የሚሰጥ ሕክምና ያዋጣል ወይ?

ውድ ጠያቂ፣ ሐኪም የሚያዝዘው የሕክምና ሶፍትዌር ለጤና ኩባንያዎች ያዋጣል ወይ ብለው ላነሡት ጥያቄ መልሴ ያዋጣል የሚል ነው፤ ይህም ከፋዩ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ከታወቀ ብቻ ነው።

የአሜሪካው ፒር ቴራፒዩቲክስ ሁነኛ ማሳያ ነው። ለሱስ ሕክምና አጋዥ የሆነው ሪሴት የተባለው መተግበሪያው በ2017 እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኘ፤ ታካሚው ለ12 ሳምንታት በስልኩ አጫጭር ትምህርቶችን እየተከታተለ ጥያቄዎችን ይመልሳል፣ ሐኪሙም ሂደቱን ከራሱ ገጽ ላይ ያያል። ሐኪሞች ማዘዛቸው አልቀረም፤ ብዙ መድን ሰጪዎች ግን ወጪውን ለመሸፈን ፈቃደኛ ስላልሆኑ፣ በ2021 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተገመተው ኩባንያ በ2023 ለኪሳራ ተዳርጎ ንብረቱ በ6 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ በጨረታ ተሸጠ። ለታካሚዎቹም ጭምር የሚያሳዝን ፍጻሜ ነው።

ጀርመን ግን በ2019 መጨረሻ ባጸደቀችው ሕግ መሠረት፣ በፌዴራል የመድኃኒት መሥሪያ ቤቱ መዝገብ የገባ መተግበሪያ በሐኪም ሲታዘዝ የሕዝብ የጤና መድን ይከፍላል፤ ማስረጃው ገና ያልተሟላ እንኳ በጊዜያዊነት ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ድርጅትዎ ሶፍትዌሩን ማሠራት ከመጀመሩ በፊት፣ መድን ሰጪው ምን ዓይነት የጥናት ማስረጃ ሲቀርብለት እንደሚከፍል በጽሑፍ ቢጠይቅ እመክራለሁ።