መልስ፦ ሴት ተሟጋቾችን ስናመሰግን ምን እንበል?

እህቴ፣ «ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴት ተሟጋቾችን ስናመሰግን፣ ሰዉን ማስለቀስ ብቻ እንዳይሆን ምን እንናገር?» ላልሽው፦ እኔ ብሆን ከሥራቸው እጀምራለሁ። ሕመማቸውን ብቻ የሚተርክ ምስጋና ከንፈር መምጠጥ ነው።

ለምሳሌ ከቫይረሱ ጋር ትኖር የነበረችውን አሜሪካዊት ተሟጋች ካትሪና ሃስሊፕን አንሺ። በአሜሪካ የኤድስ መመዘኛ የተቀረጸው በአብዛኛው በወንዶች ላይ ከታዩ ሕመሞች ተነስቶ ስለነበር፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ የማህፀን በር ካንሰር ታማሚዎች እንኳ «ኤድስ የለብሽም» ይባሉ ነበር፤ የመንግሥት ድጎማም ይቀርባቸዋል። ካትሪና እስር ቤት ሳለች ታራሚ ሴቶችን ይዛ ተነሳች፤ ስትፈታም ከሌሎች ጋር የጤና ባለሥልጣናቱን ሞገተች። መመዘኛው እ.ኤ.አ. በጥር 1993 ሰፍቶ የማህፀን በር ካንሰር ተካተተበት። እሷ ግን አንድ ወር ያህል ቀድማ፣ በታኅሣሥ 1992 አርፋ ነበር።

የግንዛቤ ማስጨበጫውን ንግግር አታንዛዢው። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ የሆነ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም ያለ ሕክምና ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን፣ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ይህን ያልሰማ ብዙ ሰው አለ፣ የተማረ የሚባለው ጭምር።

ስም ከመጥራታችሁና ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ትናንት በአደባባይ የተናገረች ሴት ዛሬ ለልጇ ስትል ዝምታን ልትመርጥ ትችላለች፤ መብቷ ነው። መናገር ለምትፈልገው ግን ማይኩን ስጧት፣ ሰዓትም አትቁጠሩባት።