ጠይቁኝ፦ ራዳር ደቅነው የተቀመጡት ሰዎች ምን እየጻፉ ነው?

የዚህን ወር ደብዳቤዎች ሳገላብጥ ሦስቱ እርስ በርስ ተያያዙብኝ። ሦስቱም ከቤዝቦል ድራፍት፣ ማለትም የአሜሪካ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ ከሚመርጡበት ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሁለቱ ኮሌጅ ስለሚጫወቱ ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛዋ መልማይ፣ ማለትም ለክለብ ተጫዋች እያየች የምትመርጥ ሰው መሆን ትፈልጋለች። እኔ 11 ዓመት ሙሉ በየጸደዩ ቅዳሜና እሁዴን ለአንድ ክለብ መልማይ ረዳት ሆኜ ሜዳ ለሜዳ ስዞር አሳልፌአለሁ። ስለዚህ ገጹን በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ልጄ 21 ዓመቱ ነው። ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፤ በቀኝ እጁ የሚወረውር ፒቸር ነው። ባለፈው አርብ ማታ ስምንት የሚሆኑ ሰዎች ከሆም ፕሌት (መቺው ከሚቆምበት ቦታ) ጀርባ ተደርድረው የኳስ ፍጥነት የሚለካ ራዳር ደቅነውበት ነበር። በመጀመሪያው ኢኒንግ (የጨዋታው ክፍል) በሰዓት 95 ማይል ወረወረ። አምስተኛው ላይ 91 ሆነ። ሰዎቹ ጨዋታው ሳያልቅ ዕቃቸውን ሸክፈው ሄዱ። ልጄ ማታ ደውሎ ‹አባዬ፣ አለቀልኝ› አለኝ። እኔ ስለዚህ ጨዋታ የማውቀው እሱ ያስተማረኝን ብቻ ነው። ሰዎቹ ምን ፈልገው መጡ? ምንስ አይተው ሄዱ? ሌላም ነገር አለ። ክርኔን በውስጥ በኩል ትንሽ ትንሽ ያመኛል ይላል። ድራፍቱ እስኪያልፍ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።» አንድ አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ክርኑ ይቅደም።

ዛሬ ማታ ይደውሉለት። ነገ ጠዋት ለቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ይናገር። እሱ እምቢ ካለ እርስዎ ይናገሩ። መሐላው ይቅርብዎ፤ ልጅዎ ይበልጣል።

በክርን ውስጠኛ በኩል የላይኛውንና የታችኛውን የክንድ አጥንት የሚያያይዝ አጭር ጅማት አለ። ፒቸር በወረወረ ቁጥር ትልቁ ጫና የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ከተበጠሰ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ተወስዶ ይተካል። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቶሚ ጆን የተባለውን ፒቸር እንዲህ አድርገው ስላከሙት፣ ሕክምናው እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ከዚያ ወደ ጨዋታ መመለስ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስቲቨን ስትራስበርግ በ2009 ከሳንዲያጎ ስቴት ወጥቶ ከሁሉ ቀድሞ ተመረጠ። በ2010 ይኸው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የልጅዎ ሕመም የጅማት ላይሆን ይችላል፤ የጡንቻ ድካምም እንደዚያው ያማል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን ሐኪም ነው። የ21 ዓመት ልጅ ፈርቶ የሚወስነው ነገር አይደለም።

የሚፈራው ይገባኛል። «አመመኝ ካልኩ ከዝርዝር ውስጥ እወጣለሁ» ብሎ ነው። ግን ያስቡት፤ የትኛውም ክለብ ያን ሁሉ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት በራሱ ሐኪሞች ያስመረምራል። ዛሬ የተደበቀው ያኔ ይወጣል። ያኔ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው፤ ስሙ ተጠርቶ፣ ቤተሰብ ተደስቶ፣ ብሩ ሊፈረም ሲል።

ደግሞም እኛ እናያለን። ኳሱን ከለቀቀ በኋላ ክንዱን የሚያራግፍ ልጅ አያመልጠንም። በሁለት ውርወራ መሃል ጣቶቹን እየከፈተ የሚዘጋም እንደዚያው። ያ ከ95 ወደ 91 መውረዱም ያው ነው። መልማዩ ደብተሩ ላይ «ደከመው ወይስ አመመው?» ብሎ ጽፎ ይሆናል። ልጅዎ እውነቱን ከተናገረ ጥያቄው መልስ ያገኛል። ዝም ካለ ግን እያንዳንዱ መልማይ የራሱን መልስ ይጽፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የከፋውን።

አሁን ስለ ሰዎቹ አነሳስ ልንገርዎ። ጨዋታ ሳያልቅ መሄድ ፍርድ አይደለም። አንድ የአካባቢ መልማይ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ስቴት ይሸፍናል። የኮሌጅ ቡድኖች ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ ሦስት ቀን በተከታታይ ይጫወታሉ፤ አርብ የሚወረውረው የቡድኑ ቁጥር አንድ ፒቸር ነው። ልጅዎ አርብ ከወረወረ አሠልጣኙ ከሁሉ የሚያምነው እሱን ነው ማለት ነው። ያን ማታ ታዲያ በየሜዳው ቁጥር አንዶች እየወረወሩ ነው። መልማዩ አምስት ኢኒንግ እዚህ ያይና ሁለት ሰዓት ነድቶ ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ቦታ ይገኛል። እኔ ራሴ መኪና ውስጥ ያደርኩበት ቀን ብዙ ነው።

ታዲያ ምን ይጽፋሉ? መለኪያው ከ20 እስከ 80 ነው። 50 ማለት የሜጀር ሊግ፣ የከፍተኛው ሊግ፣ አማካይ ማለት ነው። የኮሌጅ አማካይ እንዳይመስልዎ። እያንዳንዱ የውርወራ ዓይነት፣ ፋስትቦሉም (ፈጣኑ)፣ ስላይደሩም (ወደ ጎን የሚታጠፈው)፣ ቼንጅአፑም (ፋስትቦል መስሎ የሚዘገየው)፣ ሁለት ሁለት ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዱ ለዛሬው፣ አንዱ ወደፊት ይሆናል ለሚባለው። ቼንጅአፑ ዛሬ 40 ሆኖ ነገ 55 ይሆናል ተብሎ የሚጻፍለት ልጅ አለ። ሥራው ያ ሁለተኛው ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን ማሽንም ያነበዋል፤ ዛሬ በብዙ ኮሌጆች ሜዳ የተተከለው መሣሪያ የኳሱን ፍጥነት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር፣ ከየት ከፍታ እንደተለቀቀ ለክለቦቹ ይልካል።

ልጅዎ የተጨነቀበት የ4 ማይል ልዩነት የሚያስነሳው ጥያቄም ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም። ጥያቄው ጨዋታ ጀማሪ ይሆናል ወይስ ዘግይቶ ገብቶ አንድ ኢኒንግ ብቻ የሚወረውር የሚል ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በገንዘብም በዕድልም። መቺዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ጀማሪ ፒቸር አምስተኛና ስድስተኛ ኢኒንግ ላይ እነዚያኑ ሰዎች ለሦስተኛ ጊዜ ይገጥማል። ፋስትቦሉን አይተውታል፣ ስላይደሩን አይተውታል። ሦስተኛ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ኮሌጅ ደግሞ በሳምንት አንዴ ይወረውራል፤ ሜጀር ሊግ ግን በየአምስትና ስድስት ቀኑ ነው። ስለዚህ 91 ላይ ሲወርድ መቺዎቹን እንዴት አድርጎ እንደሚያወጣቸው ማየት ይፈልጋሉ። በ91 ማይል ሜጀር ሊግ የሚኖር ሰው አለ፤ የሚፈልገው ቦታ ላይ ካስቀመጠው።

አንድ ነገር ላሳይዎ። በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሱን አይከተሉ። ከመቺው ጀርባ ኳሱን የሚቀበለውን የካቸሩን ጓንት ብቻ ይዩ። ካቸሩ ጓንቱን ከመቺው ራቅ አድርጎ፣ ጉልበቱ ሥር ዝቅ አድርጎ ይደቅነዋል። ኳሱ ሲደርስ ጓንቱ ተንቀሳቀሰ ወይስ ባለበት ተዘጋ? አንድ ጊዜ ባለበት ሲዘጋ ድምፁ ራሱ ይለያል፤ ደረቅ፣ አጭር ጥፊ ይመስላል። አሥር ኳስ ይቁጠሩ። ከአሥሩ ስድስቱ ላይ ጓንቱ ከቦታው ካልተነሳ፣ ልጅዎ ራዳር የማይለካው ነገር አለው። ስትራይክ (በመቺው ላይ የሚቆጠር ትክክለኛ ውርወራ) መወርወርና የፈለጉበት ቦታ መወርወር ይለያያሉ። ሁለተኛውን የያዘ ልጅ ብርቅ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። አንድ ግራኝ ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም። በአራት ኢኒንግ 93 ደርሶ 89 ላይ ወረደ። «ዘግይቶ የሚገባ» ብዬ ጽፌ፣ ሌላ ጨዋታ እንዳያመልጠኝ ተነሳሁ። ስድስተኛው ላይ ምን እንዳደረገ የነገረኝ ከእኔ በኋላ የቀረ ሌላ መልማይ ነው። ሾርትስቶፑ (የውስጥ ሜዳ ተከላካዩ) ኳስ ጣለበት። በዚህ የተነሳ የተጋጣሚው ሯጭ ቤዝ (ሯጮች የሚያርፉበት ማዕዘን) ላይ ቆመ። ልጁ ወደ ሾርትስቶፑ ዞሮ በጓንቱ ደረቱን ነካ፤ «የእኔ ነው» እንደማለት። ከዚያ ሦስት ቼንጅአፕ በተከታታይ ጥሎ መቺውን አወጣው። ቼንጅአፑን እኔ በአራት ኢኒንግ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም፤ እስከዚያ አላስፈለገውምና። ሁለት ዓመት ቆይቼ በሌላ ክለብ ማሊያ ጨዋታ ሲጀምር አየሁት። ያ የጻፍኩት ወረቀት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ የሄዱት ይመለሳሉ፤ ወይም ሌላ ሰው ይልካሉ። አንድ ፒቸር በአንድ ማታ አይመዘንም። ግን መጀመሪያ ክርኑ።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ የኮሌጅ ፒቸር ነው። በመጀመሪያው ዙር ካልተመረጥኩ አልፈርምም ይላል። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። እርስዎ ምን ይላሉ?» እህት

መልስ፦ ድራፍቱ ከ2021 ጀምሮ 20 ዙር ነው፤ በፊት 40 ነበር። የመጀመሪያው ዙር ጠባብ በር ነው። በዚያ በር የገባ ሁሉ አልደረሰም፤ በሌላ በር የገቡት ደግሞ ቤቱን ሞልተውታል።

ጄኮብ ዲግሮም ስቴትሰን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሾርትስቶፕ ነበር። በ2010 በ9ኛው ዙር ተመረጠ። ሳይ ያንግ የሚባለውን የምርጥ ፒቸር ሽልማት በ2018 እና በ2019 ወሰደ። ሼን ቢበር በ2016 በ4ኛው ዙር ገብቶ በ2020 ያንኑ ሽልማት አገኘ። ታሪክ ስኩባል የሚባለው ግራኝ ሲያትል ዩኒቨርሲቲ እያለ የቶሚ ጆን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር። በ2018 በ9ኛው ዙር ተመረጠ፤ በ2024 ሳይ ያንግ ሆነ።

በሌላ በኩል ማርክ አፔልን ተመልከቺ። በ2012 ከስታንፎርድ 8ኛ ሆኖ ተመርጦ አልፈርምም አለ። አራተኛ ዓመቱን ተጫውቶ በ2013 አንደኛ ተመረጠ። እስከዚህ ድረስ የወንድምሽ ሐሳብ ልክ ይመስላል። ግን ሜጀር ሊግ ጉብታ (ፒቸር ቆሞ የሚወረውርበት) ላይ የቆመው በ2022 ነው፤ በ30 ዓመቱ። መሃል ላይ ጨዋታ አቁሞ ሁሉ ነበር። እኔ የእሱን መመለስ ሳይ ዕንባዬ መጥቷል።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ይወቅ። እያንዳንዱ ክለብ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች ለሚያስፈርማቸው የሚከፍለው የተመደበለት የቦነስ ገንዘብ አለው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ «ካልተስማማን እመለሳለሁ» ማለት ይችላል፤ አቅሙ እሱ ነው። አራተኛ ዓመቱን የጨረሰ ግን የሚመለስበት የለም፤ ክለቦቹም ያን አውቀው ዝቅ ያለ ብር ነው የሚያቀርቡለት። ስለዚህ አልፈርምም የሚለው ቃል ዘንድሮ ዋጋ አለው፣ ከርሞ ግን የለውም። የዙሩን ቁጥር ትቶ የሚሰጡትን ብርና የሚሄድበትን ክለብ ፒቸር የማሳደግ ልምድ ይመዝን። ዲግሪውን የሚጨርስበትን ወጪም ውሉ ውስጥ ይጠይቅ፤ ክለቦች ለትምህርት የሚከፍሉበት መንገድ አለ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ። መልማይ መሆን እፈልጋለሁ። ኳስ ተጫውቼ አላውቅም፤ ደግሞም ሴት ነኝ። ከየት ልጀምር?» የወደፊት መልማይ

መልስ፦ እህቴ፣ ሴት መሆንሽ አያግድሽም፤ ዛሬ በክለቦች ውስጥ የሚመለምሉ ሴቶች አሉ። ተጫውተሽ አለማወቅሽም እንደዚያው። ዓይንሽን ማሠልጠን ግን አለብሽ።

በቅርብሽ ያለ ኮሌጅ አርብ ሲጫወት ሂጂ። ጨዋታው ከመጀመሩ 40 ደቂቃ ቀድመሽ ድረሽ፤ ፒቸሩ የሚያሟሙቅበት ቦታ አጥር አጠገብ ቁሚ። እዚያ ከሁሉም ይቀርብሻል፤ ሲተነፍስ ትሰሚዋለሽ። የፊት እግሩ የሚያርፍበትን አፈር እዪ። ሁልጊዜ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው ወይስ ይበታተናል? ክንዱ ለፋስትቦልና ለቼንጅአፕ እኩል ይፈጥናል ወይስ ለቼንጅአፑ ይዘገያል? ከዘገየ መቺው ያነበዋል።

ጨዋታው ሲጀመር ፒቸሩ ቀኝ ከሆነ ለሁለት ኢኒንግ ከሦስተኛ ቤዝ በኩል ተቀመጪ፤ ደረቱና ክንዱ ከዚያ በኩል ይታያል። ግራኝ ከሆነ ከአንደኛው በኩል። ከዚያ ወደ ሆም ፕሌት ጀርባ ተመለሺ። ስልክሽ ላይ ያለው ሰዓት ይበቃሻል። አንደኛ ቤዝ ላይ ሰው ሲኖር፣ ፒቸሩ መንቀሳቀስ ከጀመረበት ኳሱ ጓንት እስኪነካ ቁጠሪ። 1.3 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። 1.5 ከሆነ ሯጩ ቤዝ ይሰርቅበታል፤ ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ ይደርሳል።

ፖል ስኪንስ የሚባለው ፒቸር ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤል ኤስ ዩ) እያለ የወረወረባቸውን ጨዋታዎች ቪዲዮ ፈልጊ። በ2023 ውድድር ዘመን 209 መቺ በስትራይክ አውጥቶ፣ ኦማሃ ላይ ከቡድኑ ጋር የኮሌጆችን ዋንጫ አንስቶ፣ ከሁሉ ቀድሞ ተመረጠ። የፈረመው በ9.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። 100 ማይል ሲወረውር ፊቱን እዪው። ሲጨነቅ አታይበትም። ትከሻው አይንቀጠቀጥም። ያን መልክ አንዴ ከለመድሽ፣ 92 በሚወረውር ልጅ ላይም ስታዪው ታውቂዋለሽ።

ሰሌዳው ላይ የሚወጣውን ፍጥነት ከማየትሽ በፊት የራስሽን ግምት ጻፊ። በአንድ ማታ ቢያንስ 60 ኳስ እንዲህ ገምቺ። በወር አራት ጨዋታ ካየሽ በኋላ ከደብተርሽ ሁለት ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ለዝግጅት ክፍሉ ላኪልኝ። ቁጭ ብዬ አንብቤ እመልስልሻለሁ።