ሁለት ቀን በደሴ፦ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜና እሑድን በደሴ ለማሳለፍ ያሰቡ አባላት በመብዛታቸው፣ በከተማዋ ለረጅም ዓመታት ታሪክ ያስተማሩ አንድ አባላችን ጥያቄዎችን ለመመለስ ፈቅደዋል። መምህሩ አስቀድመው ያሳሰቡት አንድ ነገር ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ማንም ከመሸ በኋላ እንዳይጓዝበት።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓርብ ማታ ገብተን እሑድ ለመመለስ አስበናል። ቅዳሜን ከየት ብንጀምር ይሻላል?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልን። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣውም ሐረጎ ነው። ስለዚህ ዓርብን በቀን ግቡ። ከመነሣታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

ቅዳሜን ከአይጠየፍ ጀምሩ። ይህን የግብር አዳራሽ ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ቀድሞ መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩት እኚህ የወሎ ገዥ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ በጠሩት ጉባኤ ምክንያት ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ፤ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ በልጃቸው ዘመን ነገሡ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱና ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። አብዛኛው ጎብኚ በር ላይ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ምሳው ሲቸኩል ማየት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የወሎ እስላምና ክርስቲያን ተጋብቶና ተዛምዶ የኖረበት ታሪክ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት ሌላ ቦታ በከተማዋ አላውቅም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ስጡት፤ የሚያስረዳችሁ ሰውም ፈልጉ።

ከዚያ በእግር ወደ ፒያሳ ውረዱ። ስትሄዱ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በዚህች ከተማ ላይ ቦምብ እንዳዘነቡ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በዚያን ጊዜ የጦር ሰፈራቸውን በደሴ አድርገው እንደነበር አስቡ። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ዝርፊያና ጉዳት ስለ ደረሰበት፣ ምን ለእይታ ክፍት እንደ ሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ደሴ ላይ ምን ጥሩ ነገር አለ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከላይ ያለውን አንብብ። ስንት ቀን እንደምትቆይ፣ ከማን ጋር እንደምትመጣ፣ ምን እንደምትወድ ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስልህ?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ መንገድ ዳር የሚሸጥ ምግብ እንወዳለን። የት እንብላ?

መልስ፦ የቤት ስም አልጠራም፤ ባለቤቱም ባለሙያውም ይለዋወጣል። ትኩስ ሳምቡሳ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ በወቅቱ ደግሞ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በየመንገዱ ዳር ታገኛላችሁ፤ ከዘይቱ ሲወጣ ያያችሁትን ግዙ። ሥጋ ከፈለጋችሁ ግን የእስላም ሥጋ ቤትና የክርስቲያን ሥጋ ቤት የተለያዩ መሆናቸውን አትርሱ፤ አብሯችሁ ያለው ሰው የትኛውን እንደሚበላ ሳትጠይቁ አትግቡ። ወሎዬ አንድ ላይ ሲደግስ እንኳ የሁለቱን መሶብ ለይቶ ያቀርባል፤ ይህም ከመከባበር የመጣ ስለሆነ እንግዳ እንዲያፈርሰው አልፈልግም። ቀሪቦ የሚያቀርብ ቤት ካገኛችሁ ቅመሱ፤ ከገብስ የሚዘጋጅ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው። በረመዳን ከመጣችሁ ደግሞ መንገዱ የሚደምቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ከመግሪብ በኋላ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የማታ መዝናኛስ?

መልስ፦ ይህን ሌሎች ይመልሱት፤ እኔ ማታ ቤቴ ነኝ።

አንድ አባል (ከኮምቦልቻ)፦ ለማታ ኮምቦልቻ ይሻላል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ማታ ብርዱ ውጭ አያስቀምጥም፤ እኛ ዘንድ ግን አየሩ ሞቅ ስለሚል ደጅ ተቀምጦ መጫወት ይቻላል።

ሌላ አባል (ከደሴ)፦ ጋቢ የለበሰ ሰው ደሴ ላይ አይበርደውም። ማሲንቆ ሰምቶ፣ አዝማሪው አምባሰልን ሲያወጣው አዳምጦ ማምሸት የሚፈልግ ሰው ለምን ወደ ቆላ ይወርዳል?

አንድ አባል (ከኮምቦልቻ)፦ ባቲ የተባለው ቅኝት ስሙን ያገኘው በእኛ በኩል ካለችው ከተማ ነው፤ አምባሰል ብቻውን የወሎን ዜማ አይወክልም።

መልስ፦ አምባሰልም ባቲም የወሎ ናቸው፤ ክርክሩ ይብቃ። ሌላ ጥያቄ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ታዲያ ኮምቦልቻ አምሽተን ደሴ ብናድርስ? 25 ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም?

መልስ፦ መግቢያው ላይ ተናገርሁ፤ በመጀመሪያው መልሴም ደገምሁት። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌሩ የፊቱን መታጠፊያ አያየውም። ኮምቦልቻ ያመሸ ኮምቦልቻ ይደር።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ መምህር፣ እሑድን ሐይቅ ለመዋል አስበናል። ሴቶች ወደ ገዳሙ መግባት እንችላለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ወንዶቹ ገዳም፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ሴት አይገባም። ይህ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ ብዙ ገዳማትን የመሠረቱ ደቀ መዛሙርትም የወጡበት ቦታ ነው። ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ ዓሣ ማስጠበስ ትችላላችሁ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በጠዋት ከወጣችሁ ከሰዓት በኋላ ትመለሳላችሁ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ እሑድ የባቲን ገበያ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። የአፋሩን፣ የኦሮሞውንና የአማራውን ገበያተኛ አንድ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ቀን ጨምሩ፤ እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ እደሩና ሰኞ በማለዳ ወደ ምሥራቅ ተጓዙ።